ወተት ይቁም

ውድ እማዬ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የምታሰሚው «ውይ» አሁንም በየእርከኑ ነው ወይስ የሰጡሽ ቅባት ትንሽ ዝም አሰኘው? የሱቅሽ ማቀዝቀዣ ያን ጣር የያዘው የሚመስል ማቃሰቱን ተወ? ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ወተት ሊገዛ የመጣውን ሁሉ የሚያደናቅፈው ድመትሽስ? ሁሉም ሰላም እንደሆነ ልቤ ይነግረኛል። አንቺ ሻይሽን ባዶውን እየጠጣሽ ለሰው ወተት ስትቀጂ፣ ደንበኞችሽ «ሻጯ የማትቀምሰውን ወተት እኛ እንጠጣ?» እያሉ ሲያሾፉብሽ፣ አንቺም «እኔ ሽታው አይስማማኝም፤ እናንተ ግን ጠጡና እደጉ» ስትያቸው እዚህ ሆኜ ይታየኛል።

እኛ ተመስገን ነው። ባለቤቴ ደህና ነው፤ የሰውን ሊፍት ሁሉ ሲጠግን ይውልና የራሳችንን የጓዳ በር እጀታ «ነገ» ይለዋል። አማቴ ደህና ናቸው፤ ደህንነታቸውን ከእኛ በላይ ያሉት ፎቆች በድምፃቸው ያረጋግጣሉ። የልጅ ልጅሽም ደህና ናት። መራመድ ከጀመረች ወዲህ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ክፍል ለክፍል እየዞረች ስለምትቆጣጠረን «አለቃ» ብለናታል። ያልወደደችው ነገር ካለ ፊቱ ቆማ ታየዋለች። እኛም እናነሣዋለን።

የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። አንቺ ስልክሽን ድምፁን ለቀሽ መደርደሪያው ላይ ስለምታስቀምጪው፣ ካንቺ ጋር ማውራት ማለት ከወረፋው ሁሉ ጋር ማውራት ነው። ባለፈው ስለ ጥርሷ ሳጫውትሽ አንድ መልኩን የማላውቀው ሰውዬ «ቀዝቃዛ ማንኪያ አስነክሷት!» ብሎ መክሮኛል። (ምክሩ ሠርቷል፤ አመስግኚልኝ።) የዛሬው ጉዳይ ግን ወተት ሱቅ ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ስታነቢው በሩን ዝጊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መጥተን የቀዳሽልኝን ወተት ሳልነካው የተነሣሁት ጠግቤ አልነበረም። በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የምትልኪልንንም ጄሪካን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እኛ አልጠጣነውም፤ አማቴ ለጎረቤት ሲያከፋፍሉት ነው የቆዩት፣ ፎቁ ሁሉ እየመረቀሽ ነው። አንቺ ያኔ ብርጭቆውን አነሣሽና ንጹሕ የነበረውን ጠረጴዛ ጠረግሽ። ኋላ ግን ለታላቅ እህቴ «ማተሚያ ቤት ገብታ ወተቴን ናቀችው» ማለትሽን ሰምቻለሁ። እማዬ፣ አልናቅሁትም። ለወተት ሻጭ እናት «ወተት ልጄን አሳመማት» ብሎ መናገር አፌ አልደፍር ብሎ ነው። የወተትሽን ንጽሕና የተጠራጠርኩ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። ወረፋውንም ፈራሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አለቃ አንድ ዓመት ከሞላት በኋላ ሆዷን ይነፋት ጀመር። ጡት ጠብታ ስታበቃ ጀርባዋን እንደ ቀስት ወጥራ ትጮኻለች። ጉንጯና የክንዷ መታጠፊያ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣል። ዳይፐሯ ውስጥ የማየውን በደብዳቤ አልጽፍልሽም፤ አንቺ ሦስት ያሳደግሽ ስለሆንሽ ትገምቺዋለሽ። ባለቤቴና አማቴ አጅበውኝ ወደ ልጆች ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ በቃል ቆጣቢነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ሆዷን ጫን ጫን አደረጉ፣ ክንዷን አገላብጠው አዩ፣ «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ኧረ የለም! እኛ ቤት ወተት እንደ ውሃ ነው፣ እናቴ ወተት ነጋዴ ናት» አልኳቸው። እሳቸውም «ወተት ይቁም» አሉና ቀጣዩን በሽተኛ ጠሩ።

ወተት ይቁም። ሁለት ቃል። እኔ እኮ በአራሚነት ደመወዝ የሚከፈለኝ፣ ሰው በጻፈው ውስጥ የጎደለውን ለማየት ነው። በቀይ እስክሪብቶ ስንቱን ደራሲ ኅዳጉ ላይ «የማን?»፣ «የትኛው?» እያልኩ አፋጥጫለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ልጄን አቅፌ ወጣሁ።

ጠቡ ታክሲ ውስጥ ተጀመረ። አማቴ «በቃ፣ ጡቱ ይቁም ተብሏል» አሉ። ባለቤቴ «እማ፣ ጡት መቼ አሉ? ወተት ነው ያሉት» አለ። «ጡት ውስጥ ታዲያ ምን አለ፣ ቤንዚን?» አሉት። ሹፌሩም በመስታወቱ እያየን «እሳቸው ልክ ናቸው» ብሎ ፈረደ። ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ ለማናችንም ትዝ አላለንም፤ ሐኪም ከተናገረ በኋላ «ምን ማለትዎ ነው?» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል መሰለኝ፣ ትርጉሙን እቤት ተከፋፍለን ነው የምንጨርሰው።

አለቃ ስትጠባ የምታደርገውን አይተሻታል? አንድ እጇን አንገቴ ሥር ትሰድና እዚያ ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንደ በር ደወል ጫን አድርጋ ትይዛለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ውዬ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እጄን ይዛ ወንበሩ ድረስ ትጎትተኛለች። «ጡጡ» ትላለች። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የሚታረም ነገር የለም። በሷ ቋንቋ ጡጡ ጡትም ነው፣ እኔም ነኝ፣ ወንበሩም ነው። አቁሚ የተባልኩት ይህንን ነበር። ጊዜው ደርሶ ራሷ ብትተወኝ ባልከፋኝ። እሷ ሳትጠግብ፣ እኔም ሳልዘጋጅ፣ እንደ መብራት ድንገት ይጥፋ ሲባል ግን ሆዴ ባባ።

ቢሆንም ለጤናዋ ነው ብዬ ጨከንኩ። ዘመቻውን አማቴ መሩት። መጀመሪያ ጡቴን ሎሚ ቀቡኝ። አለቃ ቀመሰች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ነገሩን አሰበችበት፣ ከዚያም አፏን ከፍታ «ደሞ!» አለች። እስከ ዛሬ ሎሚ ስታይ ለሃጯ ይዝረበረባል። ቀጥሎ አንገት ድረስ የሚዘጋ ሹራብ አለበሱኝ፤ ከታች በኩል ገባች። በመጨረሻ «ጡጡ ሄዷል» እንድንላት ተወሰነ። ይህን ስትሰማ ወደ በሩ ሄደችና ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ቆመች። እስኪመለስ እየጠበቀችው ነበር። እኔ አለቀስኩ። ባለቤቴ አለቀሰ። አማቴ «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ።

ያን ሰሞን በጡቱ ፋንታ በኩባያ የምንሰጣት ምን ነበር መሰለሽ? ያንቺን ወተት ነዋ! አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ «ጠጪ፣ የአያትሽ ነው» እያልን። ሽፍታው ከክንዷ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ወረደ። ልጅቱ በጩኸት ብዛት ድምፅዋ ተዘጋ፤ አለቃ ያለ ድምፅ ስትቆጣ ማየት እንዴት አንጀት እንደሚበላ ልነግርሽ አልችልም። ይዘናት ሮጥን።

ሐኪሙ አለቃን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምን እየሰጣችኋት ነው?» አሉ። «እንዳዘዙን ጡቱን አቁመን የላም ወተት» አልን፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ያንቺን ማን አለሽ?! የላሟን ነው እንጂ! ያንቺማ ነው የሚያሽላት! የላም ወተት የነካውን ነገር ሁሉ አንቺም ተይ፣ እሷም ትተው፣ አንቺ የምትበዪው በጡትሽ በኩል ስለሚደርሳት ነው፣ አጥቢያት፣ እስክትጠግብ አጥቢያት!» አሉ። የረዥም ንግግር ልማድ ስለሌላቸው ቁና ቁና ተነፈሱ። ወተት ስለምተው ለአጥንቴ የሚዋጥ ኪኒን አዘዙልኝና፣ ይህ ነገር ብዙ ልጆችን ሲያድጉ እንደሚተዋቸው ነግረው አጽናኑን።

ከክፍሉ እንኳ አልወጣሁም። እዚያው የበሽተኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አጠባኋት። አለቃ እጇን አንገቴ ሥር ሰደደችና ነጥቧን ያዘች። የአማቴ ጉንፋን አገረሸ።

አማቴ ግን ሰው ናቸው፤ መሳሳታቸውን ባወቁ ቅጽበት ጦራቸውን ይዘው ወደ እኔ ጎራ ተሻገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ላም የምትባል በዚህ በር አትገባም!» ብለው አወጁ። ከዚያ በፊትም ገብታ አታውቅም፤ አዋጅ ግን አዋጅ ነው። ቅቤው ወጣ። አይቡ ወጣ። የለውዝ ቅቤውም ተከትሎ ወጣ። ባለቤቴ «እማ፣ ይሄ እኮ ስሙ ብቻ ነው ቅቤ» ቢላቸው «ማን ቅቤ ተባል አለው?» ብለው ሸኙት። ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን ይፈትሻሉ። ባለቤቴንማ እጁን ሳይታጠብ አለቃን አያስነኩትም፤ ምናልባት በሊፍት ውስጥ ከአንድ ላም ጋር ወርዶ ይሆናል።

ወተት የት የት እንዳለ ያወቅሁት ከተውኩት በኋላ ነው። ዳቦ ውስጥ አለ። ቸኮላት ውስጥ አለ። ቋሊማ ውስጥ አለ፤ እስቲ ቋሊማ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? መሥሪያ ቤት ሻይ በወተት ሲዞር እኔ ባዶዬን እይዛለሁ። አንድ ቀን ብርጭቆዬን ይዤ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁትና ቁርጥ አንቺን መሰልኩ። ለኅትመት ፊደል የምትደረድረው ፊደል ለቃሚዋ ጓደኛዬ፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ስለምትወስድ «ነጠላ ሰረዝ» የምንላት፣ አዘነችልኝ። «እኔ፣ ብሆን፣ ልጅቷን፣ ትቼ፣ አይቡን፣ እይዝ፣ ነበር» አለችኝ።

ልፋቱ ግን ፍሬ ነበረው። ሽፍታው ከሰመ፣ ሆዷ ረገበ፣ ድምፅዋ ተመለሰ። ተመልሶም አላረፈም፤ ከማለዳ ጀምሮ ትእዛዝ ነው። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ፣ በቃ ተገላገልን ብለን ትከሻችንን ዝቅ ባደረግን ሰሞን፣ ያ ቀይ ነገር ጉንጯ ላይ ብቅ አለ።

ቤታችን ፖሊስ ጣቢያ ሆነ። አማቴ ልጃቸውን ጥግ አስይዘው «እስቲ እፍ በል!» አሉት፣ ጸጉሩ የሸበተውን ሰውዬ። እሱ በበኩሉ «እማ ድብቅ አይብ አላቸው» ብሎ ትራሳቸውን ፈተሸ። እኔ ዳቦ ጋጋሪውን ጠረጠርኩት፤ ምስኪኑ ሰው እኔን ሲያይ እጁን ከፍ አድርጎ «ውሃና ዱቄት ብቻ ነው፣ ልማል?» ይለኝ ጀመር። ሌላ ሐሳብም መጣብኝ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ምናልባት የሚያሳምማት የላሟ ሳይሆን የእኔው ከሆነስ? አማቴ ገና ከታክሲው ጀምሮ ልክ ከነበሩስ? ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። አለቃ በጠባች ቁጥር አንገቴ ላይ ያለችውን እጇን እያየሁ፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ትሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

ታዲያ ቀጠሮው ሳይደርስ፣ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ብስኩቴን እበላለሁ። ስለዚህ ብስኩት ንገሪኝ ብትይኝ የሚነገርለት ነገር የለም፤ እንደ ካርቶን ነው፣ ለዚህም ነው ያመንኩት። ይህን ያህል የማይጣፍጥ ነገር ውስጥ ወተት ሊኖር አይችልም ብዬ። ደግሞም የሩቅ ሰው አይደለም፤ ማሸጊያውን የምናትመው እኛው ነን። ነጠላ ሰረዝ አዲሱን ማሸጊያ ለእርማት ይዛ መጣች፣ ለማመሳከሪያም እኔ ያረምኩትን የድሮውን። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፣ ጣቷን አስቀመጠችበት፣ «ይቺን፣ ጓ፣ አንቺ፣ ነሽ፣ ያረምሻት?» አለችኝ።

አየሁት። የእጅ ጽሑፌ ነው። ከሥር በኩል፣ የጉንዳን ዐይን በምታክል ፊደል፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው ካለ በኋላ፣ «የአጋት ዱቄት» ተብሎ ተለቅሟል። እኔም «ጋ»ን በቀይ ከብቤ ኅዳጉ ላይ «ጓ» ብያለሁ። የአጓት ዱቄት። ፈርሜበታለሁ።

እማዬ፣ አጓት ምን እንደሆነ በዚህ ዓለም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በጨርቅ ካንጠለጠልሽው አይብ ሥር የሚንጠባጠበውን በባልዲ እያመላለስኩ ያደግሁ ልጅሽ ነኝ! አራሚ ግን ፊደል እንጂ ነገር አያነብም። ፊደሉ ከተስተካከለ ያልፋል። የአይብሽ ውሃ በሙሉ ስሙ፣ ራሴ ባስተካከልኩለት ጓ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ደህና ዋልሽ» አለኝ፤ እኔም አሳለፍኩት፣ ታተመ፣ ታሸገ፣ ገዛሁት፣ በላሁት። ነጠላ ሰረዝ ከብስኩቱ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ አፌ ተመለከተች። ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ትንፋሽ ተናገረች፤ «የራስሽንእርማትበላሽው!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሥራ አስኪያጁ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ፤ ልናስረዳው ሞከርን፤ «ጓ» ከማለት አላለፍንም። እየሳቅኩ ዕንባዬ ይወርድ ነበር፤ የእኔ ወተት አልነበረምና። እቤት ስናገር አማቴ ግድግዳ ይዘው ወለሉ ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ፤ አለቃም ምክንያቱ ሳይገባት ከጎናቸው ቁጭ ብላ ጭኗን እየመታች ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ስህተት የሠራ ሰው «ጓ» ይባላል። ባለቤቴ በመጨረሻ የጓዳውን በር እጀታ ጠገነው፤ አሁን በሩ ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። ጓ።

ብስኩቱ ቀረ፣ ጉንጯ ጠራ። ወራት አለፉ። ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ ዘንድ ስንሄድ አለቃ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ክፍላቸውን ጎበኘች፤ እሳቸውም «ይሞከር» አሉ። እኔ ግን አሁን ነቅቻለሁ፤ ከወንበሬ ሳልነሣ «ምኑ? በማን? በምን ያህል?» አልኳቸው። ፈገግ አሉና አብራሩልኝ፤ በትንሽ በትንሹ፣ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሷ። እናም ያንኑ ካርቶን ብስኩት ገዛሁ። ቤተሰቡ ዙሪያዬን ከቦ እያየኝ በላሁ። ከዚያ ሁላችንም ዞረን የአለቃን ጉንጭ እናይ ጀመር። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን። ጉንጯ እንደ ጉንጭ ሆኖ ዋለ። ቅቤ የነካው ዳቦ ቀጠለ። ከዚያም አንድ ጠዋት ሻይ በወተት ጠጣሁ፣ እሷም ከኩባያዬ ተጎነጨች፣ ጡቷን ጠባች፣ ነጥቧን ይዛ ተኛች። ምንም አልሆነችም። አማቴ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ከላይ ያሉት ፎቆች ማን ተዳረ ብለው ወረዱ።

ይህን ሁሉ ለታላቅ እህቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። በጓ ሳቀች፣ በሎሚው ሳቀች። ከዚያ ግን፣ «ሐኪሙ በቤተሰብ አለ ወይ ሲሉሽ ምን አልሽ?» አለችኝ። «የለም ነዋ» አልኳት። «እማዬ እኮ ድሮ ወተት ነፍሷ ነበር» አለችኝ። «ሱቁን ከመክፈቷ በፊት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለራሷ ቀድታ ትጠጣና፣ አረፋውን ከከንፈሯ ሳትጠርግ ነበር በሩን የምትከፍተው። እኔና ወንድማችን 'ጢሞ' እንላት ነበር።» «መቼ?» አልኳት። «ድሮ ነዋ።» «ድሮ መቼ?» «አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። አንቺ እኮ ስትወለጂ ለቅሶሽ ለጉድ ነበር፣ ክንድሽ ሁሉ ቀይ። ከዚያ አንድ ቀን እማዬ 'ሽታው አስጠላኝ' አለች፣ እኛም አመንናት።»

ምንም አልጠይቅሽም። መልስም አትጻፊልኝ፣ በስልክም አታንሺው፣ ወረፋው ይሰማል። አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ደንበኛ ፊት «ሽታው አይስማማኝም» ካለ በኋላ መመለሻው እንደሚያስቸግረው ይገባኛል። እኔ አንድ ብስኩት ለመተው ስንት ሰው እንዳስቸገርኩ፣ ስንት ቦታ እንዳወራሁ እያሰብኩ ብቻ ነው። ደግሞም እኔ እንዳንቺ ወተት ሱቅ ውስጥ አልነበርኩም።

ለዕረፍቴ እንመጣለን፣ ሁላችንም፣ አማቴም ጭምር። ጠዋት ሱቁን ከመክፈትሽ በፊት እንደርሳለን። ብርጭቆዎቹን አውጥተሽ ጠብቂኝ፤ ለአለቃ ትንሿን። የምቀዳው እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያው ያንቺ ነው፣ አረፋውን ደግሞ እንዳትጠርጊው። ጡት ከጣልኩ ቆየሁ እኮ፣ እማዬ፤ ከእንግዲህ ብትጠጪው አያመኝም።

እስክንገናኝ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ማቀዝቀዣሽን ይማርልሽ፣ ድመትሽን ከደጃፍ ያንሣልሽ፣ አንቺን ግን ካለሽበት አያንሣብኝ።

ያ ሁሉ ለቅሶ የሷ የነበረው፣
የመጨረሻ ልጅሽ